ለሕፃን ልጅ ጁስ መቼና እንዴት ይጀመር? ከከተማ ዳር ለምንኖር ወላጆች ዝርዝር መመሪያ

ልጃችሁ አንድ ዓመት ሳይሞላው ጁስ አትስጡት። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። ከ6 ወር በኋላ ፍራፍሬው ራሱ ደቅቆ በማንኪያ ይሰጠዋል። ጁስ የሚመጣው ከ12 ወር ወዲያ ነው፤ እሱም ትንሽ፣ በኩባያ፣ ከምግብ ጋር። የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 6 ወር ከጡት ወተት ውጪ ውሃም ቢሆን እንዳይሰጥ ይመክራል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ደግሞ ቀድሞ ጁስ ከ6 ወር በኋላ ይፈቀድ ሲል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ 12 ወር ገፍቶታል።

እኔ የምሠራው በአዲስ አበባ ዳርቻ ባለ ጤና ጣቢያ፣ ልጆች ለክትባትና ለክብደት ክትትል በሚመጡበት ክፍል ነው። ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከገላን የሚመጡ እናቶችን በየቀኑ አገኛለሁ። ብዙ ጊዜ የማየው ነገር ይህን ይመስላል። እናት የ5 ወር ልጅ አዝላ ትገባለች፤ ልጁን ሰሞኑን ያስቀምጠዋል። ከቦርሳዋ ጡጦ ታወጣለች፤ ውስጡ የማንጎ ጁስ አለ። ጁሱ ወፍራም ስለሆነ በትንሿ ቀዳዳ አልወርድ ብሎ የጡጦው ጫፍ በጋለ መርፌ እንዲሰፋ ተደርጓል። ክዳኑን ስፈታው የጡጦው ጥርስ ላይ፣ ጎማው በሚጠብቅበት ቦታ፣ የትናንቱ ማንጎ ደርቆ ተጣብቆ አገኘዋለሁ። ይህች እናት ልጇን ችላ ያለች አይደለችም። ለማንጎው ያወጣችው ብር ለራሷ ምሳ ካወጣችው ሊበልጥ ይችላል። የጎደላት ፍቅር ሳይሆን፣ በሰፈራችን ኑሮ ልክ የተሰፋ ምክር ነው። ይህን የምጽፈው ለእሷና ለመሰሎቿ ነው።

እስከ 6 ወር፦ ጁሱ ወደ ቤት የሚገባበት ቀን

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ፈቃዱ ሲያልቅ ልጁ 6 ወር ሊሞላው ገና ብዙ ይቀረዋል። እናት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነስታ ታክሲ ወይም ባስ ፍለጋ ትወጣለች፣ ልጁ ከአያቱ ወይም ከሞግዚት ጋር ይቀራል፣ ማታ 1 ሰዓት ሲል ትመለሳለች። ጁሱም፣ አጥሚቱም፣ የላም ወተቱም የሚጀመረው በዚያ ሳምንት ነው። ስለዚህ መዘጋጀት ያለባችሁ ሥራ ከመግባታችሁ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ፣ ወተት ማለብን በመልመድ ነው።

ለዚህ ማሽን የግድ አያስፈልግም። አፉ ሰፋ ያለ የማይዝግ ብረት ወይም የብርጭቆ ኩባያ በሳሙና ታጥቦ፣ በፈላ ውሃ ተለቅልቆ ይዘጋጃል። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ጡታችሁን በቀስታ እሹ፣ አውራ ጣትን ከጡቱ ጥቁር ክብ በላይ፣ ሌባ ጣትን ከበታች አድርጋችሁ ወደ ደረት ገፋ፣ ከዚያ ወደ ፊት ጫን አድርጉ። በመጀመሪያው ቀን የሚወጣው ትንሽ ነው፤ ተስፋ አትቁረጡ፣ ጡት በታለበ ቁጥር ይጨምራል። የታለበ ወተት ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል ውስጥ ተከድኖ 4 ሰዓት ይቆያል። የእኛ ቤቶች አብዛኛውን ቀን ቀዝቃዛ ስለሆኑ ይህ ይመቸናል፤ ብቻ ከምድጃና ከፀሐይ ይራቅ። ፍሪጅ ካለና መብራት ካልጠፋ እስከ 4 ቀን ይቀመጣል። ሲሰጥ አይፈላም፤ ኩባያው ሙቅ ውሃ ውስጥ ቆሞ ለብ ይበል። ልጁ አፉን ያደረገበት ትራፊ ከ2 ሰዓት በኋላ ይደፋል። የሚሰጠውም በኩባያ ነው፤ የአራት ወር ልጅ ከትንሽ ኩባያ ጠርዝ ወተት እየላሰ መጠጣት ይችላል፤ ሞግዚቷ ሁለት ቀን ካየቻችሁ ትለምደዋለች።

ወተት ማለቡ ጨርሶ አልሆን ካለ፣ ከጁስ ይልቅ ስለ ዱቄት ወተት የጤና ባለሙያ አማክሩ። ጁስ ወተትን አይተካም፤ ፕሮቲንም ስብም የለውም ማለት ይቻላል።

«ልጁ ውሃ ጠምቶታል» የሚለውን ብዙ ጊዜ እሰማለሁ፤ በተለይ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት። የጡት ወተት ከ80 በመቶ በላይ ውሃ ነው። ልጁ ሲጠማው የሚፈልገው ቶሎ ቶሎ መጥባት ነው። በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከሸና፣ የሽንቱም ቀለም ፈዘዝ ያለ ከሆነ ፈሳሽ አልጎደለውም።

ከ6 እስከ 12 ወር፦ ፍሬው ራሱ

ጁሱ ለምን ይቆይ እንደምል በቁጥር ላስረዳ። የሕፃን ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። 8 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ሆድ 240 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል፤ አንድ የውሃ ብርጭቆ ማለት ነው። ግማሽ ብርጭቆ ጁስ ከጠጣ የሆዱ ግማሽ በስኳርና በውሃ ተሞላ። ገንፎው፣ እንቁላሉ፣ የምስሩ ፍትፍት የት ይግባ? «ምግብ እምቢ አለኝ» የምትሉት ልጅ ብዙ ጊዜ ጠግቦ ነው እምቢ የሚለው። ብርቱካን ሲጨመቅ ደግሞ ገለባው ይቀርና ስኳሩ ይወርዳል። 120 ሚሊ ሊትር የብርቱካን ጭማቂ 10 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ ምንም ሳትጨምሩበት።

ፍራፍሬ ግን ከ6 ወር ጀምሮ ይሰጥ፤ በደስታ ይሰጥ። በ6 ወሩ ሁለት ሦስት የሻይ ማንኪያ፣ ከገንፎው በኋላ፣ በቀን አንዴ። አዲስ ፍሬ ስትጀምሩ ለብቻው ስጡና ሁለት ሦስት ቀን ጠብቁ። ሽፍታ ወይም ማስመለስ ከመጣ ከየትኛው እንደሆነ የምታውቁት እንደዚያ ነው። ከንፈርና ፊት ካበጠ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ግን የሚጠበቅ ነገር የለም፤ ወዲያው ወደ ሐኪም።

አቮካዶ ከሁሉም የምመርጠው ነው። ስብ አለው፣ ለስላሳ ነው፣ ስኳሩ ትንሽ ነው፣ ውሃ ሳይነካው በሹካ ይደቃል። ስትገዙ ከእንጨቱ በኩል በአውራ ጣት ቀስ ብላችሁ ጫኑት፤ ትንሽ ሰጠት ካለ ደርሷል። ድንጋይ የሆነውን በጋዜጣ ጠቅልላችሁ ከሙዝ ጋር አስቀምጡት፣ ቶሎ ይበስላል። ግማሹን ብቻ ከተጠቀማችሁ ዘሩን ሳታወጡ ሌላውን ግማሽ ከድኑት። ሲጠቁር ላዩን ፍቃችሁ ጣሉ።

ሙዝ፣ በተለይ ልጣጩ ነጠብጣብ ማውጣት የጀመረው፣ በሹካ ብቻ ይደቃል። ፓፓያ ሆዱ ለደረቀበት ልጅ ጥሩ ነው፤ ዘሩን በማንኪያ ጥርግ አድርጋችሁ አውጡ። ማንጎ ክር ስላለው በወንፊት አሳልፉት፤ ክሩ ጉሮሮ ላይ ይይዛል። ዘይቱንም እንዲሁ በወንፊት፣ ዘሩ ጠጣር ነው። የጨንቻ ፖም ካገኛችሁ ልጡት፣ ቆራርጣችሁ በጥቂት ውሃ ቀቅሉት፣ ከዚያ አድቅቁት። ጥሬ ፖምና ጥሬ ካሮት በቁራጭ ለሕፃን አይሰጥም፣ ያንቃል። ወይን ሙሉውን እንዲሁ።

ብርቱካን ላይ ትንሽ ልቆይ። ከ6 ወር በኋላ ልጆቻችንን ከሚያጠቃቸው ነገር አንዱ የደም ማነስ ነው፤ ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የመጣው የብረት ክምችት በዚያን ጊዜ ያልቃል። በጤፍ ገንፎና በምስር ውስጥ ያለው ብረት በቀላሉ ወደ ደም አይገባም፤ በዚያው ማዕድ ቫይታሚን ሲ ሲያገኝ ግን በደንብ ይመጠጣል። ስለዚህ ገንፎውን እንደበላ የብርቱካን ሥጋ ከነጭ ሽፋኑ ተላጦ፣ ዘሩ ተለቅሞ፣ ተቆራርጦ ሁለት ሦስት ማንኪያ ይሰጠው። ፓፓያም ይህን ሥራ ይሠራል። ሙቀት ቫይታሚኑን ስለሚያጠፋው ከገንፎው ጋር አታብስሉት። ሻይ ደግሞ በተቃራኒው ብረቱን ያግዳል፤ ለሕፃን ሻይ የሚሰጥበት ምክንያት የለም። ብርቱካን አንዳንድ ልጅ አፍ ዙሪያ መቅላት ያመጣል፤ አሲዱ ቆዳውን ስለሚያቃጥለው ነው። ከመብላቱ በፊት አፉ ዙሪያ ስስ ቫዝሊን ቀቡት፣ ሲጨርስ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ማር ከ12 ወር በፊት በጭራሽ አይቀመስም። ፍራፍሬ ላይ ጠብ ማድረግም አይቻልም። ማር ውስጥ የሚገኝ የባክቴሪያ ዘር በሕፃን አንጀት ውስጥ በቅሎ ቦቱሊዝም የሚባል ጡንቻን የሚያዝል ከባድ በሽታ ያመጣል። የአምራቹ ንጽሕና ይህን አያስቀርም፣ ማፍላትም አያድነውም።

ስለ ጁስ ቤቱ ጁስ

የእኛ ከተማ ጁስ በማንኪያ የሚበላ ወፍራም ነገር ነው። አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ በደረጃ ተደራርቦ፣ ስኳር ተጨምሮበት፣ ላዩ ላይ ቪምቶ ፈሶበት፣ ሎሚ ተጨምቆበት ይመጣል። አቮካዶ ስለሆነ ለልጅ ጥሩ ነው ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። ማሽኑ ሲዞር አንዴ አጠገቡ ቁሙና ተመልከቱ። አቮካዶው ብቻውን አይፈጭም፤ ውሃ ይፈስበታል፣ ያ ውሃ ከየት እንደተቀዳ አታውቁም። ስኳሩ በጭልፋ ነው የሚገባው። አንዱ ደንበኛ እንደሄደ ማሽኑ በውሃ ለቅለቅ ተደርጎ ለሌላው ይፈጭበታል። የሦስት ዓመት ልጅ ሆድ የሚችለውን የአንድ ዓመት ልጅ ሆድ አይችለውም። ለሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ከጁስ ቤት አትግዙ እላለሁ፤ ባለ ጁስ ቤቱ የምታውቁት ሰው ቢሆንም። ከዚያ በላይ ላለው ደግሞ ስኳር፣ በረዶና ቪምቶ እንዳይገባበት ቆማችሁ አሠሩ።

ውሃው

ጁስ ለማቅጠንም፣ ፍሬ ለማጠብም፣ ኩባያ ለመለቅለቅም ውሃ ያስፈልጋል፤ ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ኮንዶሚኒየም ላይ ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ ሮቶ ውስጥ ሰንብቶ ይወርዳል፤ ሲጠፋ በቦቴ ወይም በጀሪካን ይገዛል። ከቧንቧ ሲወጣ ንጹሕ የነበረ ውሃ ጀሪካን ውስጥ ሦስት ቀን ከቆየ፣ ጣሳም ከተነከረበት ንጹሕ ነው ብላችሁ አትመኑት።

አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ መንቦጭቦጭ ከጀመረ በኋላ ቢያንስ 3 ደቂቃ ይፍላ። የኤሌክትሪክ ማፍያው እንደፈላ ራሱን ስለሚያጠፋ ለዚህ አይሆንም፤ በድስት አፍሉት። ከፈላ በኋላ እዚያው ድስት ውስጥ ተከድኖ ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ በንጹሕ ፔርሙስ ወይም ክዳን ባለው ዕቃ ይገልበጥ። ጣሳ አይነከርበት፤ ገልብጣችሁ ቅዱ። ለቀጣዩ ቀን ማታ አፍሉ፤ ጠዋት መብራት ቢጠፋ አትቸገሩም። ማፍላት ካልቻላችሁ «ውሃ አጋር»ን የመሰለ ማከሚያ በመለያው ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሩና 30 ደቂቃ ጠብቁ። የደፈረሰ ውሃ ከሆነ በቅድሚያ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለል፣ አለዚያ መድኃኒቱ በደንብ አይሠራም። የታሸገ ውሃ ስትገዙ ማኅተሙን እዩ።

ፍሬውን ከመላጣችሁ በፊት እጠቡት። ልጣጩን የምጥለው ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ቢላዋው ላዩ ላይ ያለውን ቆሻሻ ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል። ሐይሌ ጋርመንት ካለው አትክልት ገበያ ጀምሮ እናንተ በር ላይ ጋሪ እስኪያመጣው ድረስ ስንት እጅና ስንት ጆንያ እንደነካው አስቡ።

ከ12 ወር በኋላ፦ የመጀመሪያው ጁስ

አንድ ዓመት ሞላው ማለት ጁስ የግድ ሆነ ማለት አይደለም። ፍራፍሬውን የሚበላ ልጅ ጁስ ባይጠጣ የሚቀርበት ነገር የለም። መስጠት ከፈለጋችሁ ግን እንዲህ አድርጉ።

1. ጤነኛ የሆነበትን ቀን ምረጡ። ተቅማጥ፣ ትኩሳት ወይም ክትባት በወሰደበት ማግስት አዲስ ነገር አይጀመርም። ሰዓቱም ቀን ይሁን፣ ለምሳሌ ጠዋት 4 ሰዓት፤ የማይስማማው ከሆነ በቀን ብርሃን ታዩታላችሁ።

2. ቀድሞ በማንኪያ የለመደውን አንድ ፍሬ ብቻ ውሰዱ። ቅልቅል ይቆይ።

3. እጅ፣ ቢላዋ፣ መክተፊያና መፍጫው በሳሙና ይታጠቡ። ሥጋ የተከተፈበት መክተፊያ አይሁን። መፍጫ ማሽን ካላችሁ ታችኛውን ምላጭ ፍቱት፤ ከስሩ ያለችው ጎማ ቀለበት ውስጥ ፍርፋሪ ይቀራል፣ በአንድ ሌሊት ይሻግታል። በጥርስ ብሩሽ ፈትጉት፣ የፈላ ውሃ አፍሱበት። ማሽን ከሌላችሁ ምንም አይጎድልባችሁም፤ ሹካና ወንፊት ይበቃል።

4. ፍሬውን አጥባችሁ፣ ልጣችሁ፣ ዘሩን አውጥታችሁ ፍጩ። ብርቱካን ከሆነ ጭመቁና ዘሩን ብቻ አጥልሉ፤ ገለባው ውስጡ ይቆይ።

5. የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ እኩል በእኩል ጨምሩ። ስኳር፣ ማር፣ በረዶ የለም። ለእናንተ ጣዕም የሌለው ይመስላችኋል፤ ለልጁ ግን ጣፋጭ ነው። የስኳርን ጣዕም ከእኛ እስካልተማረ ድረስ አይፈልገውም።

6. በመጀመሪያው ቀን 1 ወይም 2 የሾርባ ማንኪያ ብቻ፣ ማለትም ከ15 እስከ 30 ሚሊ ሊትር፣ በኩባያ፣ ተቀምጦ፣ ከመክሰሱ ጋር። አትገፉት፤ ራሱ ኩባያውን ሲፈልግ አቅርቡለት። ቢፈስበትም ይልመድ።

7. የቀረውን እናንተ ጠጡት። ፍሪጅ ከሌለ ለከሰዓት አይቀመጥም። ፍሪጅ ቢኖርም መብራት ሲጠፋ ሲመጣ የዋለ ቀን ከሆነ አትመኑት።

8. ለሁለት ሦስት ቀን ሰገራውን፣ ቆዳውንና የምግብ ፍላጎቱን ተከታተሉ። ሰገራው ትንሽ ቢለሰልስ አትደንግጡ፤ ውሃ ከሆነ አቁሙ። ቀይ ሥር የቀመሰ ልጅ ሽንቱም ሰገራውም ቀይ ሊሆን ይችላል፤ ደም መስሏቸው እያለቀሱ የመጡ እናቶች አሉ። ቀይ ሥር ሳይበላ ቀይ ካያችሁ ግን ወደ ጤና ጣቢያ።

ልኩን በተመለከተ፣ ከ1 እስከ 3 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ120 ሚሊ ሊትር አይለፍ። ይህ ጣሪያው ነው፤ ልጁ በየቀኑ ሊሞላው የሚገባ ኮታ አይደለም። የቡና ሲኒዎቻችን መጠናቸው ስለሚለያይ በሲኒ መገመት ያሳስታል። ቤት ውስጥ የተቀመጠ ጡጦ ካለ ለዚህ ይጥቀም፤ በላዩ ባለው ምልክት 120 ሚሊ ሊትር ውሃ ለኩና የልጁ ኩባያ ውስጥ ገልብጡት፣ የደረሰበትን ቦታ በውጭ በኩል በቀለም አስምሩ። አያትም፣ ሞግዚትም፣ ጎረቤትም መስመሩን ያውቁታል። ውሃ የጨመራችሁበት ጁስም ከዚያ መስመር አይለፍ።

በጡጦ ጁስ አይሰጥም፤ ይህ ላይ የማልደራደርበት ሁለት ምክንያት አለኝ። አንዱ ከላይ የነገርኳችሁ የጡጦው ጥርስ ላይ የሚደርቀው ማንጎ ነው። ሁለተኛው የልጁ ጥርስ ነው። ጡጦ ይዞ የሚዞር ልጅ ቀኑን ሙሉ ጥርሱን በስኳርና በአሲድ ያጥበዋል። ይዞት ከተኛማ ይባስ፤ በእንቅልፍ ሰዓት ምራቅ ስለሚቀንስ የሚያጥበው የለም። ፊት ለፊት ያሉት የላይ ጥርሶቹ ድድ ጥግ ላይ መጀመሪያ ነጭ ሰረዝ ያወጣሉ፣ ከዚያ ቡናማ ይሆናሉ፣ ከዚያ ይሰበራሉ። ከንፈሩን በወር አንዴ ቀና አድርጋችሁ እዩለት። ጁስ ከጠጣ በኋላ ሁለት ሦስት ጉንጭ ውሃ ይጠጣ፣ ማታ ከመኝታ በፊት ጥርሱ ይጽዳ።

የታሸገ ጁስ

ከሱቅ የምትገዙ ከሆነ ፊት ለፊት ያለውን የፍሬ ሥዕል ተዉና ጀርባውን አንብቡ። 100 በመቶ ጁስ የሚለው ብቻ ጁስ ነው። ኔክታር ወይም ድሪንክ የሚለው በውሃና ብዙ ጊዜ በስኳር የቀጠነ ነው። በዱቄት መጥቶ በውሃ የሚበጠበጠው ጁስ አይደለም፤ ለስላሳውም እንዲሁ፤ ለሕፃን አይሰጡም። 100 በመቶውም ቢሆን ከ120 ሚሊ ሊትሩ ውስጥ ይቆጠራል። ካርቶኑ ተነፍቶ ከሆነ አትግዙት፤ ከተከፈተ በኋላ ፍሪጅ ከሌለ በዚያው ቀን ይጠጣ።

ወተት የገባበት ጁስ

ሱሉልታና ሰንዳፋ አካባቢ፣ እዚህ ገላንም፣ ላም ካለው ጎረቤት ወተት ገዝቶ ከአቮካዶ ጋር መፍጨት የተለመደ ነው። ከ12 ወር በኋላ የላም ወተት ይጠጣል፤ ግን ሳይፈላ አይሆንም። ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ያስተላልፋል። «ላሟን አውቃታለሁ፣ ጤነኛ ናት» የሚለው ለዚህ መልስ አይሆንም፤ ላሟ ስትታይ ጤነኛ ሆናም ልታስተላልፍ ትችላለች።

ሲያስቀምጠውና ሆዱ ሲደርቅ

ተቅማጥ ያለበት ልጅ ጁስም፣ ለስላሳም፣ ስኳር የበዛበት ሻይም አይሰጠው። አንጀት ውስጥ የገባ ብዙ ስኳር ውሃን ከሰውነት ወደ አንጀት ይስባል፤ ተቅማጡ ይብስበታል። የሚሰጠው ኦአርኤስ፣ ማለትም በተቅማጥ የወጣውን ፈሳሽ የሚተካ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት ነው፤ አንዱን ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ፣ 1 ሊትር የሚይዝ ሃይላንድ ልኩን ይሰጣችኋል። ግማሽ ፓኬት በግማሽ ሃይላንድ ብሎ መገመት አይሆንም። ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ በማንኪያ ቀስ እያለ። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ ቀጥሉ። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል። ዚንክም ከጤና ጣቢያ ውሰዱለት፣ የተሰጠውን ቀን ሁሉ ይጨርስ። ጡቱም ምግቡም አይቋረጥ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከፈዘዘ፣ መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ሰገራው ላይ ደም ካለ፣ ሌሊትም ቢሆን ውሰዱት።

ሆዱ ለደረቀበት፣ ከ6 ወር በላይ ከሆነ የተፈጨ ፓፓያና ከምግብ ጋር ጥቂት ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይሞከር። ከ6 ወር በታች ያለና ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ ግን ለተወሰኑ ቀናት ሰገራ ሳይወጣው ሊቆይ ይችላል፤ ሲወጣ ለስላሳ ከሆነ ድርቀት አይደለም። ሐኪም ራሱ ለልጃችሁ ጁስ ካዘዘ እሱ መድኃኒት ነው፤ በተባለው ልክ ስጡት።

አያትን ማሳመን፣ ጾምም ሲመጣ

ቤት የምትቀረው አያት ናት፤ እሷ ካልተቀበለችው ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ልጆቿን በራሷ መንገድ አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ አብቅታለች፤ ተሳስተሻል ብትባል ትቀየማለች፣ እውነቷንም ነው። የሚሻለው ሥራ መስጠት ነው። «እማዬ፣ አቮካዶውን እርስዎ ሲያደቁለት ነው የሚበላው፤ ጁሱን ዓመት እስኪሞላው እናቆይለት፣ ጤና ጣቢያ እንዲህ ብለውናል» በሏት። በእኛ በኩል ማሳበቡ ይፈቀዳል። በክትትል ቀን ይዛችኋት ብትመጡ ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል፤ ክብደቱን በዓይኗ ካየች እናንተ ከምትናገሩት በላይ ታምናለች።

በዐቢይ ጾም ቤቱ ሁሉ ወደ ጁስና ፍራፍሬ ይዞራል፤ ልጁም ከዚያው ይደርሰዋል። ዕቃ እንዳይነካካ ተብሎ እንቁላሉና ወተቱ 55 ቀን ሲቆምበት አይቻለሁ። ለአንድ ዓመት ልጅ ይህ ረጅም ጊዜ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትን ጹሙ አትልም። ለልጁ አንድ ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳህንና አንድ ማንኪያ ለብቻ ለዩለት፣ እንቁላሉን በዚያ ሥሩለት፤ ጁስ የእንቁላሉን ቦታ አይሸፍንም።

የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ስለሆነ በሁለቱም ጊዜ ጤና ጣቢያ መምጣታችሁ አይቀርም። ያን ቀን ክብደቱን አስለኩ፣ ካርዱ ላይ ያለው መስመር ከባለፈው ወጥቶ እንደሆነ ጠይቁ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ከቀረ በቀን ምን ያህል ጁስ፣ ሻይና ወተት እንደሚጠጣ ሳትደብቁ ንገሩን፤ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የምናስተካክለው እሱን ነው።